ከሰፈር ሳይርቁ 200 ኪሎ ሜትር

ባለፈው እትም ስለ ሳይክል ጥቂት ብጽፍ ደብዳቤው በዛብኝ። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የሒሳብ መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ረጅም መንገድ የለመድኩት ትምህርት ቤት በሳይክል ስመላለስ ነው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው የምኖረው። ብረታ ብረት ቤት እሠራለሁ፣ እረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። በአንድ ቀን 200 ኪሎ ሜትር መንዳት እፈልጋለሁ። እስካሁን ትልቁ 90 ነው። አዲስ አበባ ደርሼ ልመለስ ብል 260 ይሆናል፣ በዛብኝ። ወደ ደሴ ልሂድ ብል መመለሻው ያስጨንቀኛል። በመኪና ተከትሎ የሚያነሳኝ ሰው የለኝም። ከየት ተነስቼ የት ልሂድ?»

ከቤትህ ተነስተህ ወደ ቤትህ ሂድ። አራት ጊዜ።

ረጅም መንገድ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ከአንድ ከተማ እስከ ሌላ ከተማ የሚሄደው ነው። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ በጣም ሲደክምህ ከቤትህ በጣም ርቀህ ነው። ጎማ ቢተኛ፣ ሆድህ ቢረበሽ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ሁሉም የሚያገኝህ ሰው በማታውቅበት አገር ነው።

አደይ አበባን አስብ። መሃሏ ቤትህ ነው። ወጥተህ አንዷን ቅጠል ትዞርና ትመለሳለህ። ሻይ ጠጥተህ፣ ውሃ ሞልተህ ሁለተኛዋን ትይዛለህ። እግርህ 200 ይሠራል፣ አንተ ግን ከቤትህ ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ አትርቅም።

መጀመሪያ መለኪያ እንያዝ። ፈረንሳዮች «ብሬቬ» የሚሉት የረጅም ርቀት ጉዞ አለ። ውድድር አይደለም፣ አንደኛ ሁለተኛ የለውም። 200 ኪሎ ሜትሩን በ13 ሰዓት ተኩል ውስጥ መጨረስ ብቻ ነው። 300ው 20 ሰዓት፣ 400ው 27 ሰዓት፣ 600ው 40 ሰዓት ይሰጠዋል። እነዚህን የጨረሰ ሰው ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ለሚባለው የ1,200 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይበቃል። ያ ጉዞ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ልብ በል፣ ስትበላም ሆነ ስታርፍ ሰዓቱ ይቆጥራል። ሆኖም 200ን ለ13 ሰዓት ተኩል ብታካፍለው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፍጥነትህ አያሳስብህ። የሚያሳስበው የማቆሚያህ ርዝመት ነው።

አሁን ወደ አራቱ ቅጠሎች። ጥር ላይ አድርገው። ጥር 10 እና 11ን ግን ተዋቸው፣ ታቦት ይወጣል፣ መንገዱም የሕዝብ ነው።

ከጠዋቱ 12፡30 ትነሳለህ። የመጀመሪያዋ ቅጠል ጫጫ ደርሶ መልስ ናት፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ምኒልክ በተወለዱበት በአንጎለላ በኩል ነው የምታልፈው። ሁለት ሰዓት መድብላት። 2፡30 ቤት ነህ። ግማሽ ሰዓት አርፈህ፣ ወፍራሙን ልብስ አውልቀህ፣ 3 ሰዓት ላይ ለአንኮበር ትወጣለህ። አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 84። አምስት ሰዓት ተኩል ስጠው። 8፡30 ትገባለህ፣ ምሳህን ትበላለህ። 9 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን፣ በጉዶ በረት መንገድ። እዚህ ላይ የምትመለሰው ከተማ አይተህ አይደለም፣ ቆጣሪህ 25 ሲል ነው። 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳለህ። ይሄ ሁሉ 174 ነው። የቀረህ 26 ነው። ሩብ ሰዓት አርፈህ መብራት አለበት ከተማው ውስጥ ትዞረዋለህ። 1፡45 ላይ ትጨርሳለህ። 13 ሰዓት ከሩብ። አንድ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ማለቴ ነው፣ ለመለጠፍ ሩብ ሰዓት ትተርፍሃለች።

ቅደም ተከተሉን አትቀያይረው፣ ምክንያት አለው። የመጀመሪያዋ ለምን አጭር እንደሆነች ልንገርህ።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም፣ ኅዳር ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጉዶ በረት ወጣሁ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ አንተም ታውቀዋለህ፣ ሣሩ ነጭ ነበር። 20 ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ የፊት ጎማዬ ተኛ። ከመነዳሪውን አወጣሁ፣ ቀዳዳውን አገኘሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ማስቲሹ ግን አልወጣም አለ። በብርድ ጠጥሯል። ቱቦውን ብጨምቀው ብጨምቀው ወይ ፍንክች። ጣቴም የራሴ አልመስል አለኝ፣ ስነካው እንጨት የነካሁ ያህል ነው። ማስቲሹን በብብቴ ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። አንዲት እናት ከደጃቸው አይተውኝ የኩበት ፍም በገል ይዘው መጡ። «ምነው ልጄ፣ በዚህ ብርድ?» አሉኝ። እጄን በፍሙ ላይ ዘርግቼ ደሙ ሲመለስ ያመመኝ ሕመም እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። አንድ ከመነዳሪ ለመለጠፍ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። እሳቸው ባይወጡ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ላይ ሩቅ አልሄድም። ሳይክሉ ችግር ካለበት በመጀመሪያዋ ቅጠል ይታወቃል። ካቴናው የሚንጫጫም ከሆነ፣ ማርሹ የሚዘልም ከሆነ፣ ቤትህ ቅርብ ነው። ማስቲሹን ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ኪስህ ውስጥ ያዘው። ከተቻለ የተለጠፈ ትርፍ ከመነዳሪ ይዘህ ውጣ፣ ቀይረህ ትሄዳለህ፣ መለጠፉ ቤት ይደርሳል።

አንኮበር መሃል ላይ የገባው ሙቀትና ጉልበት ስለሚፈልግ ነው። ዳገቱን በኪሎ ሜትር አትቁጠረው። እኔ በየ100 ሜትር ከፍታው 10 ደቂቃ እጨምርለታለሁ፣ ብዙ ጊዜ አይዋሸኝም። ጫፉ ላይ ስትደርስ አገሩ ከእግርህ ሥር ይገለጣል፣ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ነው። አልዩ አምባ ታች ሆና ትጠራሃለች። በዚያ ቀን አትውረድ። የወረድከውን ሁሉ መልሰህ ትወጣዋለህ። እሷን ለብቻዋ ሌላ ቀን አድርጋት፣ ይገባታል።

የሰሜኗን ከሰዓት ያደረግኳት አስፋልቷን በደንብ ስለምታውቃት ነው። ሰው ሲደክመው የሚያውቀውን መንገድ ይስጡት። ሜዳው ላይ ነፋስ ይነሳል፣ አንገትህን ደፍተህ ማርሽ ቀንስና ተሸከመው። ከነፋስ ጋር ግብግብ የገጠመ ሰው ማታ ላይ ይከፍላል።

ምግብ። በየሰዓቱ ብላ፣ ሳይርብህ። ሰውነት በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ይፈልጋል። መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ በሰዓት ሁለት ሙዝ ወይም የዚያን ያህል በሶ። የኛ አገር በሶ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው እላለሁ። ጭብጦውን በማርና በትንሽ ጨው አሽተህ፣ የእንቁላል ያህል እየጠቀለልክ በላስቲክ ያዝ። በአንድ እጅ እየነዳህ ይበላል፣ አይፈስም፣ አይቀልጥም። ደረቅ ስለሆነ ግን ከውሃ ጋር ብቻ። ውሃህ ውስጥ ለምለም የሚባለውን፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት በጥብጥ፣ ፋርማሲ ታገኘዋለህ። አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር፣ ከዚያ አታወፍረው። ኮካና ብስኩት ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ አይቻለሁ፣ 120ኛው ላይ መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ልዘለው አልችልም። አካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ሰላም ያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋዜማውን መናኸሪያ ሂድ። ከአንኮበር የመጣ ሹፌር ጠይቅ፣ ከደብረ ሲና የመጣ ጠይቅ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ አስፋልቱስ የት ላይ ተቆፍሯል፣ ሁለቱንም ይነግሩሃል። አንዷ ቅጠል ካልሆነች ጫጫን ሁለቴ ሂድ። ሰዓት እላፊ ካለ የማታዋን 26 ጠዋት ላይ አድርጋትና ሌላውን አሳጥር። 200 ባይሞላም 174 ትልቅ ቀን ነው። ቅጠል በቅጠል ማቀድ ለዚህ ነው የሚጠቅመው፣ አንዷ ብትቀነጠስ አበባዋ አትጠፋም።

ከ90 በአንድ ጊዜ ወደ 200 አትዝለል። በሁለት ሳምንት አንዴ እሑድህን ተጠቀም። ጫጫና ሰሜን፣ 90። ከዚያ ጫጫና አንኮበር፣ 124። ከዚያ ጫጫ፣ አንኮበርና ማታዋ፣ 150። ከዚያ ሙሉው። ስትጨርስ ጻፍልኝ።

«ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ነኝ። የነርስነት ተማሪ ነኝ። ‹ኤቨረስቲንግ› የሚባል ነገር ሰማሁ። አንድ ዳገት እየደጋገሙ የኤቨረስትን ከፍታ መሙላት ነው አሉኝ። እኛ ጋ ዳገት ሞልቷል። ጣርማበርን መሞከር ይቻላል? ከወንዶቹ ጋር እነዳለሁ፣ ዳገት ላይ አይቀድሙኝም።»

በርቺ! የሰማሽው ትክክል ነው። አንድ ዳገት ትመርጫለሽ፣ ትወጫለሽ፣ በዚያው ትወርጃለሽ፣ የወጣሽው ተደምሮ 8,848 ሜትር እስኪሞላ። ማረፍ ይቻላል፣ መተኛት አይቻልም። ነገሩን የጀመረው ጆርጅ ማሎሪ የሚባል ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ አውስትራሊያ ውስጥ ዶና ቡዋንግ በሚባል ተራራ ላይ። አያቱ እ.ኤ.አ. በ1924 ኤቨረስትን ሊወጣ ሄዶ እዚያው የቀረው ማሎሪ ነው። የልጅ ልጁ ወደዚያው ተራራ ለመሄድ ሲዘጋጅ ነው በሳይክል እንዲህ የተለማመደው። እኔ የምወደው ከቤት ሳይርቁ የሚሠራ መሆኑን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። ከታች እስከ ላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወጫለሽ ማለት ነው። አምስት ጊዜ ብትወጪው ለመሙላት ይቃረባል። ግን ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ብቻ 35 ኪሎ ሜትር ነው፣ እስከ ጣርማበር ዋሻ ስትጨምሪ 45 ይጠጋል። አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ 450 ኪሎ ሜትር! እግርሽን የሚጨርሰው ርቀቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም።

ስለዚህ አጭርና ቀጥ ያለውን ፈልጊ። ከአርማኒያ በላይ፣ በአምስት ኪሎ ሜትር 350 ሜትር የሚያወጣ ቁራጭ ብታገኚ 26 ጊዜ ይበቃል። 260 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ከ450 በብዙ ይሻላል። ስልክሽ ላይ ስትራቫ የሚባለው የሳይክል መተግበሪያ ካለሽ ከፍታውን ያሳይሻል። ከሌለሽ ከፍታ በሚለካ ስልክ ታችና ላይ ቆመሽ ቀንሺ።

በመጀመሪያው ቀን ግን ሩቡን ብቻ። 2,212 ሜትር ነው። በዚያው ቁራጭ ሰባት ጊዜ፣ 70 ኪሎ ሜትር። እሱን በደህና ከጨረስሽ በወሩ ግማሹን። ሙሉውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው።

ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱን ነው የምፈራልሽ። በዚያ መንገድ ሲኖትራክ ይወርዳል፣ ተሳቢ ይወርዳል። ፍሬንሽን ሙጭጭ አድርገሽ ይዘሽ አትውረጂ። የምትይዢው ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግላል፣ ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። በየሁለት ዙሩ ሸራውን አገላብጠሽ እዪ። አንድ ሸራ ብዙ ላይቆይ ይችላል፣ ትርፍ ያዢ። ላይ ላይ በላብ ደርሰሽ ቁልቁል ስትለቂው ብርዱ ደረትሽ ላይ ነው የሚገባው። ጋዜጣ አጥፈሽ ከሹራብሽ ሥር አድርጊው። የድሮ የሳይክል ሰዎች ዘዴ ነው፣ አሁንም አይበልጡትም። ስትወጪ ታወጪዋለሽ።

ግንቦት ላይ አትሞክሪው። ከታች የሸዋ ሮቢት ሙቀት ያቃጥልሻል። አንድ ቀን እስከ ጣርማበር ከዘለቅሽ ደግሞ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ የፊትም የኋላም መብራት ሳታበሪ አትግቢ። ከቀን ብርሃን ስትገቢ ዓይንሽ ይጨልማል፣ የሹፌሩም ዓይን እንደዚያው ነው። ጉም ከወረደ ጨርሶ ተይው፣ ሻይ ጠጥተሽ ጠብቂ።

«መምህር፣ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። የእርስዎን ጽሑፍ አንብቦ ‹ረጅም መንገድ እሄዳለሁ› እያለ ያስቸግረኛል። ‹መቼ ትመለሳለህ› ስለው ‹እመለሳለሁ› ብቻ ነው መልሱ። ልከልክለው ወይስ ምን ላድርግ? እናት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን።»

እህቴ፣ አይከልክሉት። ተደብቆ ይሄዳል፣ ያ ይብሳል።

ጥያቄውን ግን ይቀይሩት። «መቼ ትመለሳለህ» አይበሉት። «ወረቀቱ የታለ» ይበሉት። ከመውጣቱ በፊት በግማሽ ገጽ ይጻፍ፦ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት እንደሚዞር፣ በስንት ሰዓት ቤት እንደሚደርስ። በሩ ላይ ይለጥፈው። ካለው ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ ይደውሉለት። ካላነሳ በዚያው መንገድ ሰው ይላኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፣ ባጃጅ ያለው ጎረቤት ካለዎት አስቀድመው ያነጋግሩት። ልጁ ሃሳቡን ቀይሮ ሌላ መንገድ ከያዘ መደወል አለበት። ይሄ አይታለፍም። እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ለባለቤቴ ወረቀት ትቼ ነው የምወጣው።

200ውን አሁን አያስበው። በ17 ዓመቱ 60 ይበቃዋል፣ 80 ቢበዛ። በቀን ብርሃን፣ ጫጫ ወይም በሰሜን በኩል። ሄልሜት ይግዙለት። ከሱ ቀጥሎ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ። ሁለቱንም ካልቻሉ ሄልሜቱን ያስቀድሙ።

ስልኩን ደግሞ ሞልቶ ይውጣ። ሥዕል ሲያነሳበት ባትሪው ያልቅበታል፣ ይንገሩት።

«ሰላም ጋሼ። ከመሐል ሜዳ ነው። በጓሳ በኩል ወደ ጣርማበር አቅጣጫ እነዳለሁ፣ ግማሽ መንገድ ሄጄ እመለሳለሁ። ውሻዬ ሁልጊዜ ይከተለኛል። ጎበዝ ሯጭ ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር አብሮኝ ሄዶ ያውቃል። ስለ መንገዱ የሚመክሩኝ ካለ?»

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ነው። ሌላ ቦታ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው እዚያ ሦስት ይፈጃል፣ እንደዚያ አድርገህ አስላው። ጓንትና የዝናብ ልብስ በጋም ቢሆን አይለይህ። ከመንገዱ ወጥተህ ሣሩ ላይ አትንዳ። አያቶችህ ያን ጓሳ «ቄሮ» በሚባለው የመንዝ ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ጠብቀው ነው ያቆዩት፣ በየዘመኑ እየዘጉ እየከፈቱ።

የምለምንህ ግን ውሻህን እቤት እንድትተወው ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ነው፣ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው። የውሻ በሽታ፣ እብዱም ሌላውም፣ ወደ ቀበሮዎቹ ይተላለፋል። አንድ የታመመ ውሻ አንድ መንጋ ሊጨርስ ይችላል። ውሻህ ጤነኛ ይመስልሃል፣ ምናልባትም ነው። ጭላዳውንም ያባርራል፣ አይጡንም ያሳድዳል፣ አይጡ ደግሞ የቀበሮው እንጀራ ነው። አስከትበው። ስትወጣም እሰረው።

ፈትቶ ከተከተለህ ዝም ብለህ አትሂድ። ገና ከሰፈር ሳትወጣ ተመልሰህ አድርሰው።